አፓረንት ልወጣ ነው፣ ጋዜጣ ቤት ቀኑን ሙሉ ምን ያሰሩኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ የዚህ ዓምድ አዘጋጆች። የጋዜጠኝነት 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ባህር ዳር ነው የምማረው። ክረምት ላይ አዲስ አበባ አንድ ጋዜጣ ላይ ለሁለት ወር አፓረንት፣ ማለትም የተግባር ልምምድ፣ ልወጣ ነው፣ ደብዳቤው አልቋል፣ አክስቴ ጋ ነው የማርፈው። ከኔ በፊት የወጡት ሲያወሩ ግን ግማሹ ሻይ ስናመላልስ ከረምን ይላል፣ ግማሹ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ዜና ሰራሁ ይላል፣ ማንን ልመን? የማላውቀው ሰው ጋ ስልክ መደወል ራሱ ያስፈራኛል። ደግሞ ስብሰባ ላይ ለጋዜጠኛ ገንዘብ ያለበት ፖስታ ይሰጣል ሲባል ሰምቻለሁ፣ እኔ ላይ ቢመጣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። እኔ ተማሪ ሆኜ የገባሁት አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ነበር፣ ስለዚህ የምነግርሽ የሳምንታዊ ቤት ውሎ ነው፣ ዕለታዊ ከሆነ ጥድፊያው በየቀኑ ነው። ሳምንታዊ ላይ ሁለት ዓይነት ቀን አለ፤ ጋዜጣው በወጣ ማግስት ቤቱ ጭር ይላል፣ ማተሚያ ቤት በሚገባበት ቀን ግን ምሳ መብላትሽን ራሱ ትረሺዋለሽ።

ጠዋት 2፡30 ላይ ግቢ፣ ማንም ባይኖርም ግቢ። እኔ ቤት ያን ሰዓት የሚገኙት አራሚው ነበሩ፣ አራሚ ደግሞ ለተማሪ ከዋና አዘጋጁ በላይ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ያለፈው ሳምንት ገጽ ላይ በቀይ ያረሙትን ወረቀት አሳዩኝ በያቸው፣ የትኛው ቃል ለምን እንደተሰረዘ አንድ በአንድ ያስረዱሻል፣ እኔ ክፍል ውስጥ በአንድ ሴሚስተር ያልገባኝ ነገር እዛች ጠረጴዛ ላይ ነው የገባኝ።

3 ሰዓት ላይ የኤዲቶሪያል ስብሰባ አለ፣ ሁሉም ምን እንደሚሰራ ሀሳብ ያቀርባል። ተማሪ ነኝ ብለሽ ዝም አትበይ፣ አንድ ሀሳብ ይዘሽ ግቢ። ትልቅ መሆን የለበትም፣ አክስትሽ ሰፈር ውሃ በፈረቃ በስንት ቀን አንዴ እንደሚመጣ፣ ሰው በጄሪካን ስንት ብር እንደሚገዛ፣ ይሄ በደንብ ከተሰራ ዜና ነው። ሀሳብ ያመጣ ልጅ ሻይ አምጪ አይባልም፣ ቢባልም ለአንድ ቀን ነው።

ከዛ ስልክ ነው፣ ያስፈራሽ ነገር ማለት ነው። እኔም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ የጠቀመኝ ከመደወሌ በፊት ሦስት ጥያቄ ወረቀት ላይ መጻፍ ነው፣ የመጀመሪያው ሁሌም ስምዎን ከነአባትዎና ኃላፊነትዎን ይንገሩኝ የሚል ይሁን፣ በየትኛው "ሀ" በየትኛው "ጸ" እንደሚጻፍም ጠይቂ፣ ኃይሉና ሀይሉ ለአንቺ አንድ ቢመስልሽ ለባለቤቱ አንድ አይደለም። ይሄን የምልሽ ስላጠፋሁ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር አነጋግሬ ደብተሬ ላይ ስማቸውን ብቻ ጽፌ ተመለስኩ፣ የአባታቸውን ስም ከባልደረባ ጠይቄ ሞላሁት፣ እሱም እርግጠኛ ሆኖ ነገረኝ፣ ወጣ፣ የሌላ ሰው ስም ነበር። ሰውየው ደውለው አልተቆጡም፣ "ልጄ ይሄን ለልጆቼ አስቀምጬ ነበር" ነው ያሉኝ። በሚቀጥለው እትም እርማት ወጣ፣ ግን እሳቸው ሊያስቀምጡ የፈለጉት የመጀመሪያውን ነበር። አንድ ደቂቃ ደውዬ ብጠይቅ ኖሮ ያልኩት እስከዛሬ አልወጣልኝም።

የመንግሥት መስሪያ ቤት ስትደውዪ ደግሞ ህዝብ ግንኙነቱ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ደብዳቤ ይዛችሁ ኑ መባል የተለመደ ነው። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ላይ መረጃ የማግኘት መብት አለ፣ መስሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት ይላል፣ ደብዳቤ ጽፈሽ ቀኑን መዝግበሽ መያዝ ጥሩ ነው። ግን 30 ቀን ለሳምንታዊ ጋዜጣ አራት እትም ነው፣ ስለዚህ ደብዳቤውን አስገብተሽም በአካል ሂጂ፣ ኮሪደር ላይ መቆም ያለው ጥቅም በስልክ አይገኝም።

ከሰዓት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ሪከርድ መገልበጥ፣ የተቀዳ ድምፅ ሰምቶ መጻፍ ማለት ነው፣ የሚሰጥሽ፣ የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ እኔ አራት ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር፣ አሰልቺ ነው አልዋሽሽም፣ ግን ጎበዝ ጋዜጠኛ እንዴት እንደሚጠይቅ፣ የት ዝም እንደሚል የሰማሁት እዛ ነው። አማርኛ ታይፕ ካልለመድሽ ከአሁኑ ጀምሪ፣ ፓወር ግዕዝ የሚባለው መጻፊያ ቶሎ ይለመዳል፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ግን ሌላ ቦታ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል፣ ጽሑፌ ጠፋ ብለሽ እንዳትደነግጪ፣ ፎንቱ ነው።

ሌላው ቀን መቀየር ነው። መግለጫ በእንግሊዝኛ ይመጣል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ተማሪው ዝም ብሎ 8 ይቀንሳል። ከጃንዋሪ እስከ እንቁጣጣሽ ዋዜማ 8 ነው፣ ከእንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ግን 7። አዲስ ዘመን ጋዜጣ የጀመረው ግንቦት 30 ቀን 1933 ነው፣ ፈረንጆቹ ጋ ጁን 1941፣ 8 ልዩነት። የተማሪዎች ንቅናቄው ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ኅትመት "ስትራግል" ላይ የወጣው ግን ኖቬምበር 1969 ነው፣ 8 ብትቀንሺ 1961 ይሆንብሻል፣ ትክክሉ ህዳር 1962 ነው። እነዚህን ሁለቱን ያዢ፣ ግራ ሲገባሽ መለኪያ ይሆኑሻል።

ፖስታውን በተመለከተ አትቀበዪ። ሆቴል ውስጥ ስብሰባ ሲያልቅ የትራንስፖርት ተብሎ ወረቀት ላይ ያስፈርማሉ፣ ሁሉም ሲፈርም አንቺ ብቻ መቅረት ይከብዳል፣ ተማሪ ሆነሽ ኪስሽ ባዶ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፣ አውቀዋለሁ። እኔ አንዴ ወስጃለሁ። በማግስቱ የሰፈሩ ሰዎች ስለዛው ድርጅት አቤቱታ ይዘው ቢሮ መጡ፣ እኔ ደብተሬን ለማውጣት አፈርኩ፣ ዜናውንም ሌላ ሰው ሰራው። አንቺ ከመውጣትሽ በፊት የታክሲ ከቢሮ ጠይቂ፣ ፖስታው ሲመጣ "አመሰግናለሁ፣ ቢሮ ሰጥቶኛል" ብለሽ ሂጂ፣ ለአለቃሽም ንገሪ።

ሁለት ሳምንት አልፎ ምንም ስራ ካልተሰጠሽ ዝም አትበይ፣ ዩኒቨርሲቲሽ የላከውን የግምገማ ፎርም ይዘሽ ግቢና ይሄን ፎርም ሰው በምን ይሞላልኛል ብለሽ ጠይቂ። በስሜ ይወጣል ወይ ብለሽ ግን ቶሎ አትጨነቂ፣ የኔ የመጀመሪያ ዜና ስም የሌላት ስምንት መስመር ነበረች፣ ስለ አንድ ድልድይ።

ማተሚያ ቤት የሚገባበት ቀን ማታ ሂጂ ካላሉሽ ቆዪ፣ የፎቶ መግለጫዎችን ከስሞቹ ጋር አመሳክሪ፣ ስህተት ተደብቆ የሚያልፈው እዛ ነው። አክስትሽ ከፈቀዱ ደግሞ ብርሃንና ሰላም ድረስ አብረሽ ሂጂ፣ ከ1914 ጀምሮ ያለ ማተሚያ ቤት ነው፣ ገጽሽ ወረቀት ሲሆን በዓይንሽ ታያለሽ። ጃንጥላ አትርሺ፣ ሐምሌ ነው።

ጋዜጣው በወጣ ቀን ጠዋት ደግሞ አራት ኪሎ ጋዜጣ የሚያከራዩት ልጆች አጠገብ ትንሽ ቁጭ በይ። ተከራይቶ የሚያነበው አብዛኛው ወጣት ቀጥታ የሚገልጠው ክፍት የስራ ቦታ ማስታወቂያውን ነው፣ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ ወረቀት ላይ ስልክ ቁጥር የሚገለብጥ። አናግሪያቸው፣ ስንት ቦታ እንዳመለከቱ፣ ለፎቶ ኮፒና ለታክሲ በሳምንት ስንት እንደሚያወጡ ጠይቂ። ለሚቀጥለው ስብሰባ የምታቀርቢው ሀሳብ እዛው አለ።