አርማታው ሳይጠና አትጫኑት

ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከበባችሁኝና «ጋሼ፣ እኛም ትራያትሎን መጀመር እንፈልጋለን፤ ከየት እንነሣ?» አላችሁኝ። መኪና ማቆሚያ ላይ ቆሞ የሚመለስ ጥያቄ አልነበረምና በደብዳቤ ይሁን አልኩ።

አስቀድሞ ይታወቅልኝ፤ እኔ አትሌት አይደለሁም። 61 ዓመቴ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ድልድይና ሕንፃ ስሠራ የኖርኩ መሐንዲስ ነኝ፤ እንጀራዬ አርማታ ነው። መዋኘት የተማርኩት በ49 ዓመቴ፣ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር ተሰልፌ ነው። ደብረ ብርሃን ያደገ ልጅ ከበሬሳ ወንዝ የሚያውቀው ልብስ ማጠብንና «ውኃ ይወስድሃል!» የሚለውን የእናቱን ቁጣ ነው።

ትራያትሎን ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫን በተከታታይ መሥራት መሆኑን ታውቃላችሁ። አጭሩ፣ ስፕሪንት የሚባለው፣ 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። የኦሊምፒኩ ርቀት የዚያ እጥፍ ነው። እናንተ በስልክ የምታዩት፣ በ1978 ሃዋይ ላይ 15 ሰው ጀምሮ 12 ሰው የጨረሰው ረጅሙ ደግሞ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ ከዚያ በላዩ ሙሉ ማራቶን። እሱን ለጊዜው እርሱት።

እኔ ልነግራችሁ የምፈልገው ስለ ዊንተር ነው። ክረምት ያላልኩት አውቄ ነው፤ የኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ እንጂ በጥር ጆሮ የሚቆርጥ ብርድ አይደለም። እዚህ አብዛኛው ውድድር ያለው ከሜይ እስከ ኦክቶበር ስለሆነ ወጣት ሰው ዊንተርን ወይ ይተኛበታል፣ ወይ እንደኔ ያብድበታል።

የኔ እብደት እንዲህ ነበር። የመጀመሪያዬን ስፕሪንት በሰመር፣ በፈረንጁ የሙቀት ወራት፣ ጨረስኩና ኖቬምበር ላይ የእጅ ሰዓት ገዛሁ። ልብ ምት፣ ፍጥነት፣ ዳገት፣ ሁሉን የሚቆጥር። መዘዙን የገዛሁት ያን ቀን ነው። የዛሬው ሩጫ ከትናንቱ ካልፈጠነ እራት አይበላልኝም ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ትንፋሼ ተስተካከለ፣ ዳገቱ ሜዳ መሰለኝ፣ «ለካ እኔም የአበበ ቢቂላ አገር ሰው ነኝ» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ቅልጥሜ ላይ በአንድ ጣት የምትሸፈን ቦታ ታመመችኝ። ብርዱ ነው ብዬ ሁለት ሳምንት ሮጥኩባት። ሐኪሙ ምስሉን ሲያሳየኝ አጥንቱ ላይ ፀጉር የምታህል መስመር አለች። ስንት ጊዜ አርማታ ላይ እንደዚያ ያለ ስንጥቅ አይቼ ተቋራጭ ላይ ጮኬያለሁ! ስምንት ሳምንት ሳልሮጥ ቀረሁ።

ተኝቼ ሳስበው ነገሩ የገዛ ሙያዬ ነበር። አርማታ በተሞላ ማግስት በጣትህ ብታንኳኳው ድንጋይ ነው። ልምድ የሌለው ሰው «ደርቋል» ይልሃል። ግን አርማታ አይደርቅም፤ ሲሚንቶውና ውኃው ቀስ እያሉ እየተዋሐዱ ይጠናል። ለዚህ ነው ውኃ የምናጠጣው፤ ለዚህ ነው ጥንካሬውን በ28ኛው ቀን የምንፈትነው። በብርድ ደግሞ ይብስ ይዘገያል። ላዩን አይቶ ድጋፉን ቀድሞ የሚነቅል ሰው የሚከፍለውን ይከፍላል።

ሰውነትም እንዲሁ ነው። ልብና ሳምባ በጥቂት ሳምንት ይለምዳሉ፤ አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ትንፋሽህ «ጨምር» ይልሃል፣ ቅልጥምህ ገና ነው። ወጣቶች ስለሆናችሁ ትንፋሻችሁ ከኔም ፈጥኖ ይዋሻችኋል።

ከዚያ በኋላ አገር ቤት ስሄድ የወንድሜ ልጅ እንጦጦ ይዞኝ ወጣ። ክለብ ያለው ሯጭ ነው፤ እኔ እንደማልደርስበት አውቄ ውኃ ልይዝላቸው ነበር የሄድኩት። «ጋሼ፣ ዛሬ ቀላል ነው፣ ግቡ» አለኝና ገባሁ። ባሕር ዛፉ መሐል በአንድ ረድፍ፣ ወዲያ ወዲህ እየተጠማዘዙ፣ ከእርምጃ ትንሽ ከፍ ባለ ሩጫ ይሄዳሉ። በዚያ ከፍታ እንኳ ለሃያ ደቂቃ ያህል አብሬያቸው ነበርኩ! በማግስቱ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሲበርሩ ሳይ ነው የገባኝ፤ ቀላሉን ቀን በእውነት ቀላል ስላደረጉት ነው ከባዱ ቀን የሚያምርላቸው። እስቲቨን ሳይለር የሚባል የስፖርት ሳይንስ ሊቅም ታላላቅ አትሌቶችን አጥንቶ፣ ከአምስት ልምምድ አራቱ ገደማ ቀላል መሆኑን አሳይቷል።

ቀላል መሆኑን እንዴት ትለያላችሁ? ሰዓት አያስፈልጋችሁም። እኔ እየሮጥኩ «አቡነ ዘበሰማያት»ን እደግማለሁ። መሐል ላይ ትንፋሽ ካጠረኝ ፈጥኛለሁ ማለት ነው፤ እቀንሳለሁ። ባለቤቴ «ጸሎትህ የስፖርት መሣሪያ ሆነ» ትለኛለች፤ መልስ የለኝም።

አሁን የኔ ሳምንት ይህን ይመስላል። ሦስት ጠዋት ዋና። ዊንተር ለዋና የተሰጠ ነው፤ ገንዳው ሞቃት ነው፣ ድካሙም አጥንት አይሰብርም። ርቀት አትቁጠሩ፤ ራስን ወደ ታች፣ ትንፋሹን ውኃ ውስጥ መጨረስ፣ ይኼን ብቻ ተማሩ። አብዛኞቻችን የምንሰምጠው ጉልበት አጥተን ሳይሆን አንገታችንን እንደ ግመል ቀና አድርገን ነው። ብስክሌቱን በሥራ ቀን ማታ ቤዝመንት ውስጥ ባለበት በሚያስነዳ ማሽን ላይ አስሬ፣ ቅዳሜ ደግሞ መንገዱ በረዶ ካልሆነ ደብልዩ ኤንድ ኦ ዲ ላይ። ከሸርሊንግተን እስከ ፐርሰልቪል 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ አሁን ለብስክሌት የሆነ የድሮ ባቡር መንገድ ነው፤ ባቡር ዳገት ስለማይወድ ጉልበታችሁን አይፈጅም። ሩጫ ሦስት ቀን፣ አጫጭር። በየአራተኛው ሳምንት ሁሉንም እቀንሳለሁ።

ስለ ጾም ጠይቃችሁኝ ነበር። ዐቢይ ጾም የሚገባው ልምምዱ ሊጠነክር ሲል ነው፤ በነዚህ ዓመታት ረመዳንም እዚያው ዊንተር ላይ ስለሚውል የሙስሊም ጓደኞቻችሁም ጥያቄ ነው። እኔ ጾሙን አላፈርስም፣ ልምምዱንም አላቆምም፤ ሰዓቱን ነው የማዞረው። ጠዋት ቀላል ዋና፤ ጠንከር ያለው ከተበላ በኋላ ማታ። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ክኩን ከወትሮው ጨመር አድርጉ። ራስ ካዞራችሁ ግን ብስክሌት ላይ አትውጡ፤ የሚጾም ሁሉ ጀግና መሆን የለበትም።

ለረጅም ብስክሌት ብዙ ሰው የሚገዛውን ጄል የሚባል ጣፋጭ ዝልግልግ አልወደውም። በሶ በማር ብጥብጥ አድርጌ እይዛለሁ። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል ይባላል፤ በሶ ይበቃል። ችግሩ የጠርሙሱን አፍ ይደፍነዋል። ሁለት ጊዜ ወንፊት ላይ ካላሳለፋችሁት እንደኔ መንገድ ዳር ቆማችሁ በእንጨት ትጎረጉራላችሁ።

የዘንድሮ ሐሳቤ ሜይ ላይ አንድ ስፕሪንት፣ ከዚያ ጁን ላይ ሜሪላንድ፣ ካምብሪጅ የሚደረገው ኢግልማን ነው፤ ቾፕታንክ ወንዝ ውስጥ 1.9 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 90 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 21 ኪሎ ሜትር ሩጫ። 1.9 ኪሎ ሜትር በኛ 25 ያርድ ገንዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ 83 ጊዜ መዋኘት ነው፤ ለበሬሳ ልጅ ቀላል አይደለም። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ግን ነፋሱና ሙቀቱ አይጣል ነው። ከዚህ በፊት ስሞክረው ብስክሌቱን በጉራ ነድቼ ሩጫውን በእግር ጨረስኩት። ዘንድሮ ሰዓት አልፈልግም፤ 21ዱን ሳልራመድ መጨረስ ነው የምፈልገው። እናንተ ለመጀመሪያ ዓመት አንድ ስፕሪንት፣ እሱም በሰመር መጨረሻ፣ ይበቃችኋል። ምዝገባውን አሁን አትክፈሉ፤ ማርች ላይ እግራችሁን ጠይቁት።

ቅዳሜ ሸርሊንግተን፣ መንገዱ የሚጀምርበት ቦታ እንገናኝ፤ በሐበሻ 2 ሰዓት፣ በፈረንጅ 8። ቀጠሮውን ግን በፈረንጅ አክብሩ። ሄልሜት የሌለው አይምጣ፤ ጓንት የረሳም ይመለሳል። በረዶ ከጣለ ቤዝመንቴ ኑ። ሁለት ማሽን አለ፤ ሦስተኛችሁ ገመድ ይዘላል።