ለልጅ የሠራነው ጎ-ካርት ስንት ይሩጥ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለ8 ዓመት ልጄ ጎ-ካርት፣ ማለትም ትንሽ ባለ አራት ጎማ መንጃ፣ ሠርቻለሁ። ስንት ቢሄድ ይሻላል?

መልስ፦ ሞተሩ ስንት ዙር ነው? ሰንሰለቱ የሚዞርባቸው ጥርሶች ስንት በስንት? ጎማውስ? እንዲሁ በደፈናው አይሆንም።

ጥያቄ፦ ይቅርታ። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር፣ የሞተሩ ጥርስ 10፣ የጎማው 60፣ ጎማው ከዳር እስከ ዳር 25 ሴንቲ ሜትር።

መልስ፦ አሁን ተግባባን። 60 ለ10 ሲካፈል 6። 3000 ለ6 ሲካፈል 500፤ ጎማው በደቂቃ ይህን ያህል ይዞራል። አንዴ ሲዞር 78.5 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። በሰዓት 23.5 ኪሎ ሜትር መጣልህ። ይህ ግን ሞተሩ የሚችለው እንጂ ልጁ የሚችለው አይደለም። ልኩን የሚወስነው ፍሬኑ ነው! ልጁ ደንግጦ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ 1 ሴኮንድ ተኩል ብንል፣ ገና ሳይረግጥ 10 ሜትር አለፈ። ከረገጠ በኋላ ደህና የሚባል ፍሬን እንኳ ሌላ 7 ሜትር ይፈልጋል። ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሰው፤ ሁሉም ተደምሮ 7 ሜትር አይሞላም። የነዳጅ ፔዳሉ ሥር ብሎን ግጠምና እስከ ታች እንዳይረገጥ አድርግ።

ደግሞ ፍሬኑን አንተ ረግጠህ አትለካ። ልጁን አስቀምጥ፣ በእርምጃ ፍጥነት ግፋው፣ መሬት ላይ በጠመኔ ያሰመርከው መስመር ላይ ሲደርስ ይርገጥ። የእኔ ልጅ የመጀመሪያው ጎ-ካርቱ ላይ ፍሬኑን የሚነካው በጫማው ጫፍ ነበር። ለመርገጥ ከወንበሩ ተንሸራቶ ይወርዳል፤ ያኔ ደግሞ መንገዱ አይታየውም።

ጥያቄ፦ ቀለሙስ ምን ይሁን?

መልስ፦ የፈለግከው።

ሌላ ጠያቂ፦ የእኔ ሞተር የለውም፣ ቁልቁለት ነው የሚወርደው። ፍጥነቱ አያሳስብም አይደል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዲያውም ይብሳል። ከላይ እስከ ታች 3 ሜትር ዝቅ የሚል ቁልቁለት፣ የሚይዘው ነገር ከሌለ በሰዓት ወደ 28 ኪሎ ሜትር ያደርሰዋል። የጎማው ሰበቃ ትንሽ ይቀንስልሻል እንጂ አያቆመውም። ፍሬን፣ ፍሬን!

አንድ አባል፦ አታካብዱ። ልጅ ሳይወድቅ አያድግም። ሄልሜት ካደረገ በቃ።

ሌላ አባል፦ ሄልሜት ግድግዳ ያርቃል እንዴ?

አንድ አባል፦ እኛ ያለ ሄልሜት አይደል ያደግነው?

ሌላ አባል፦ አገጭህ ላይ ያለው ጠባሳ ታዲያ ከየት መጣ?

መልስ፦ ጠባሳውን ለብቻችሁ ተወያዩበት። ሄልሜቱ ግዴታ ነው፣ ሰንሰለቱም ይሸፈን። ግን ቀድሞ ፍሬን።

ጥያቄ፦ ለ6 ዓመት ልጅስ ስንት ይሂድ?

መልስ፦ አሁንም «ስንት»! ላይ ጽፌዋለሁ። ሜዳው ስንት ሜትር ነው? ፍሬኑ በስንት ሜትር ያቆመዋል?

ጥያቄ፦ ሜዳው 15 ሜትር ነው። ፍሬን ገና አልገጠምኩም።

መልስ፦ እንግዲያው ዜሮ።