ደቻቱ ዳር ያለውን ቤት ልያዘው ወይ ላልከው ወንድሜ

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬ ዳዋ በሥራ ልትዛወር ነው። ዛፍ ያለበት ሰፈር ትፈልጋለህ። ደላላው ከዚራ ሰፈር ውስጥ ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለ ግቢው ሰፊ ቤት በፎቶ አሳይቶሃል። ከዚራን ያዝ። ያንን ቤት ግን ሳታየው ቀብድ እንዳትከፍል።

እኔ ድሬ እንደመጣሁ ሁለት ዓመት ሳቢያን ሰፈር ተከራይቼ ነበር። ቤቱ አዲስ ነው፣ ሴራሚኩ ፊትህን ያሳይሃል። ግቢው ውስጥ ግን አንድ ዛፍ የለም። ግንቦት ላይ ማታ አራት ሰዓት እንኳ ግድግዳው እንደ ምጣድ ይግላል። ፍራሽ እያወጣን ደጅ ነበር የምናድረው። ከዚያ ከዚራ ገባን። ቤቱ አሮጌ ነው፣ በሩም ሲከፈት ያቃስታል። ግን አንዲት ትልቅ ኒም አለችው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታውን ግድግዳ ሙሉ ትሸፍናለች። ባለቤቴ ሳሎኑን አይታ ልትመለስ ነበር፤ ዛፉ ሥር ቁጭ ስትል ሐሳቧን ቀየረች። ይኸው ዘጠኝ ዓመታችን። ድሬ ላይ መጀመሪያ ዛፉን እይ፣ ቤቱን ቀጥሎ።

የከዚራ ጥላ ዝም ብሎ የበቀለ አይደለም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ እዚህ ሲደርስ ነው ከተማው የተቆረቆረው። ያኔ መንገዱን ቀይሰው፣ ዳር ዳሩን ዛፍ ተከሉ።

አሁን ወደ ደቻቱ። ፎቶው ላይ ውሃ አላየህም አይደል? አብዛኛውን ዓመት እንደዚያ ነው፣ አሸዋ ብቻ። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው እንደ መንገድ ያቋርጠዋል። አዲስ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ፣ ከደንገጎ በኩል ካሉት ተራሮች ነው። እኛ ጋ ጠብ ሳይል ሊደርስ ይችላል። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት፣ ሰው በተኛበት መጥቶ ከ200 በላይ ነፍስ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። እኔ ግን ግንብ አለ ብዬ ዳሩ ላይ አልገባም አቦ። የእኛ ቤት ከወንዙ ትንሽ ገባ ያለ ነው፤ እንደዚያም ሆኖ አንድ ነሐሴ ሌሊት ድምፁ ቀስቅሶን ልጆቹን አቅፈን ቆመን አደርን። ውሃው አልደረሰብንም። ልጄ ግን እስከ ዛሬ የከባድ መኪና ድምፅ ሌሊት ሲሰማ ይነቃል።

ስለዚህ ደላላውን ተወውና ጎረቤት ያሉ አንድ አዛውንት ፈልግ። «አባባ፣ በ98 ውሃው እስከ የት ደርሶ ነበር?» በላቸው። በእጃቸው ግድግዳው ላይ ያሳዩሃል። ወለሉ ከመንገዱ ከፍ ማለቱንም እይ። በሩ በወንዙ በኩል ብቻ ከሆነ ተወው፤ በዚያ ሌሊት በየት ትወጣለህ?

የቧንቧ ውሃው ጨዋማ ነገር ነው፣ ማንቆርቆሪያህ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። ሮቶ መኖሩን ጠይቅ፤ ሮቶው ደግሞ ጥላ ሥር ይሁን፤ አለዚያ እኩለ ቀን ላይ የምትታጠበው በሻይ ነው። ገበያው አያስቸግርህም፣ ድልድዩን ተሻግረህ ከፊራ ነው። ባጃጅ ሞልቷል።

ቅዳሜ ከመጣህ አብረን ሄደን እናየዋለን። ከአሥር ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ከዚያ በፊት ድሬ ላይ ቤት የሚያሳይህ ሰው አታገኝም።