ስለ ዘንዴያ ጠይቁኝ፣ ሐሜት ግን አልመልስም

ስለ አሜሪካዊቷ ተዋናይ ዘንዴያ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው። የፍቅር ወሬ የፈለገ ቲክቶክ ይሂድ።

ሊሊ፦ የሐበሻ ደም አላት እንዴ? መልኳም ስሟም የኛ ይመስላል።

መልስ፦ የላትም። በ1996 ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ተወለደች። አባቷ ጥቁር አሜሪካዊ፣ እናቷ ነጭ። ስሟ በዚምባብዌው ሾና «ማመስገን» ከሚለው ቃል የመጣ ነው።

ቡናሱስ፦ እንዴት ጀመረች?

መልስ፦ እናቷ የሼክስፒር ቲያትር ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። ልጅቷ እዚያ ተመልካች ወንበሩ ድረስ እየሸኘች አደገች። በ2010 በ14 ዓመቷ ዲዝኒ ቻናል ላይ «ሼክ ኢት አፕ» የተባለውን ተከታታይ ጀመረች።

ዳኒ፦ ልጅ እያለች የሠራችው ብር ማን ጋ ይገባል?

መልስ፦ ተመስገን፣ ጥያቄ መጣ! ጃኪ ኩጋን የሚባል ልጅ ነበር፤ በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር የሠራ። ሚሊዮኖች አስገባ። ሲያድግ ብሩ የለም። በ1938 እናቱንና የእንጀራ አባቱን ከሰሰ። እጁ የገባው 126,000 ዶላር ገደማ ነው። በሱ ምክንያት ካሊፎርኒያ በ1939 ሕግ አወጣች። ሕጉ ግን ቀዳዳ ነበረው፤ ገቢው የወላጅ ንብረት ነበር። የልጁ የሆነው በ2000 ሲሻሻል ነው። አሁን አሠሪው ከጠቅላላ ክፍያው 15 በመቶውን ዝግ ሒሳብ ውስጥ ያስገባል። 18 ዓመት እስኪሞላ ማንም አይነካውም። ቀሪውን 85 የሚያስተዳድረው ግን ወላጅ ነው። እዚህ ጋ ነው ጉዱ።

ብር ብቻም አይደለም። ዲዝኒ ለዘንዴያ ሌላ ተከታታይ ሲያቀርብላት ርዕሱ «ሱፐር ኦሰም ኬቲ» ነበር። ገና አሥራዎቹ ውስጥ ሆና ርዕሱ ይቀየር፣ ፕሮዲውሰር ልሁን፣ ገጸ ባሕርይዋም መዝፈንና መደነስ የማትችል ትሁን አለች። «ኬሲ አንደርከቨር» ሆኖ ወጣ።

ሊሊ፦ ኤርትራዊት ናት ሲሉ ግን ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ከላይ አንብቢ።

ዳኒ፦ የመጀመሪያው «ዱን» ላይ ፖስተሩን ሞልታ ፊልሙ ውስጥ 7 ደቂቃ! ብሬን መልሱ።

ሜላት፦ ሁለተኛውን እይ፣ ዝም ትላለህ።

ያሬድ፦ እኔን የሚያናድደኝ የዕፅ ሱሰኛ ልጅ ሆና የምትሠራበት ተከታታይ «ኢዩፎሪያ» ነው። ሱስ ማስተዋወቅ ነው።

ሜላት፦ የዕፁ ሻንጣ የታለ እያለች በር በእርግጫ ስትሰብር አይተህ ነው የሚያምርህ? እናቷን አላየሃትም?

ያሬድ፦ ታናሽ እህቴ አይታው የወደደችው ሜካፑን ነው።

መልስ፦ ያሬድ ትንሽ እውነት አለው። በዚያ ሥራ በ2020 በ24 ዓመቷ ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ወሰደች፤ በ2022 ደገመች። ሌላ ጥያቄ።

ሊሊ፦ አግብታለች?

መልስ፦ ሐሜት አልኩ እኮ።

ዳኒ፦ ዩቲዩብ ላይ የሚቀረጹ ሕፃናትስ? ያ 15 በመቶ ይደርሳቸዋል?

መልስ፦ ኢሊኖይ በ2023 የነሱን ሕግ አወጣች፤ ካሊፎርኒያ በ2024 ተከተለች። ነገ ስለዚህ ብቻ እንቀመጣለን። ሊሊ፣ አንቺ ይቅርብሽ።