ዐማፂው ማነው፤ ሄሮድስ ወይስ ዮሐንስ?

ጥያቄ፦ ስኮትላንዳዊው ደራሲ ጆርጅ ቡካናን ስለ መጥምቁ ዮሐንስ በላቲን በጻፈው ትራጄዲ (አሳዛኝ ተውኔት) ላይ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ሕዝብ ግፈኛ ንጉሥን መቃወሙን «አመጽ» ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦ አጻጻፉን ቶሎ እንጨርሰው፤ በዐይኑ ዐ እና በፀሐዩ ፀ፣ «ዐመፅ» ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ትርጉሙ ነው።

በግእዝ «ዐመፀ» ማለት በደለ፣ ግፍ ሠራ ማለት ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 «እናንተ ዓመፀኞች፥ ከእኔ ራቁ» የተባሉት በንጉሥ ላይ የሸፈቱ አይደሉም፤ ክፉ አድራጊዎች ናቸው። ለመሸፈትና ለመክዳት ግእዝ ሌላ ግስ አለው፤ «ዐለወ»። ከዚህ ግስ የወጣውን «ዐላዊ» በየገድላቱ ማን ተሸክሞት እናገኛለን? ሰማዕታትን የሚያሳድደው የሮም ንጉሥ፣ ዲዮቅልጥያኖስ። ከሃዲው ዙፋን ላይ ነው የተቀመጠው!

ቡካናንም ከዚህ አይርቅም። በ1577 እ.ኤ.አ. በታተመው ትራጄዲው ፈሪሳዊው ማልኮስ ዮሐንስን ሕዝብ ያሳድማል ብሎ ይከሰዋል፤ የእግዜርን ሕግ የጣሰው ግን ሄሮድስ ነው። ደራሲው በሊዝበን በኢንኩዊዚሽን፣ ማለትም መናፍቃንን በሚመረምረው የካቶሊክ ፍርድ ቤት ፊት ሲመረመር፣ በዮሐንስ ሞት የእንግሊዛዊውን ባለሥልጣን የቶማስ ሞርን ሞት እንዳሳየ ተናግሯል፤ ሞርን ያስገደለው የእንግሊዙ ሄንሪ 8ኛ ነው። በ1579 ያሳተመው፣ በሁለት ሰዎች ውይይት መልክ የተጻፈው ምልልስ ደግሞ ሥልጣን ከሕዝብ እንደሚመነጭ፣ ንጉሥም ከሕግ በታች እንደሆነ በግልጽ ያስተምራል። መታሰቢያነቱ ለገዛ ተማሪው ለንጉሥ ጄምስ 6ኛ ነበር፤ የስኮትላንድ ፓርላማ በ1584 መጽሐፉን አወገዘው።

«ግእዙን ለግእዝ ተዉት፤ ቃል ሕዝብ እንደተናገረው ነው» የሚሉ አሉ። በገበያና በዜና ይሁንላቸው። እዚህ ግን ዮሐንስን «ዐማፂ» ያለ ጸሐፊ የማልኮስን ክስ ፈርሞ ተቀበለ፤ ሄሮድስንም ከስሙ ነፃ አወጣው።

«ሕዝባዊ ዐመፅ» ዛሬ በኩራት ጭምር እንደሚባል አውቃለሁ፤ ቃሉ ወደ ተበዳዩ ወገን ተሻግሯል፣ የሚመልሰውም የለም። ቢሆንም እርስዎ «እምቢታ» ብለው ይጻፉ። የቡካናን ምልልስ ግፈኛን እስከ መግደል ይፈቅዳልና «እምቢታ» ይለሰልሳል የሚል ተቺ እውነት አለው። እኔ ግን ዮሐንስ ሄሮድስ ፊት ቆሞ «አልተፈቀደልህም» ማለቱን ከ«እምቢታ» በቀር በሌላ ስም ልጠራው አልወድም።