ቲቪ ላይ የሚሰካው ኪቦርድ እውነት ዊንዶውስ አለው?

ወንድሜ፣ «ከድሮ ዕቃ መሀል ቲቪ ላይ የሚሰካ ኪቦርድ አገኘሁ፤ ሲበራ ዊንዶውስ ይከፍታል፤ ልጄ ኮምፒውተር ይማርበት ይሆን?» ላልከው፣ እኔም በዚሁ ዕቃ ነው ያደግሁትና የማውቀውን ልንገርህ።

ዊንዶውስ አይደለም። ውስጡ ያለው፣ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ ያወጣው ፋሚኮም የሚባል የቲቪ ጌም ማጫወቻ ቅጂ ነው። ቻይና ውስጥ እንደ ሱቦር ያሉ አምራቾች ኪቦርድ ጨምረውበት «መማሪያ ማሽን» ብለው ሸጡት፤ የሱቦርን ጃኪ ቻን ራሱ አስተዋውቆታል። ለጌም ብር የማያወጣ ወላጅ ለትምህርት ሲሉት ያወጣል። የእኔም ቤተሰብ እንደዚያው ነው።

አክስቴ ከዱባይ ስታመጣልኝ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ከታች ግራጫ መስመር፣ ጥግ ላይ «ስታርት»፣ ማውሱን ስነካው የምትሄድ ቀስት፤ ኮምፒውተር ስለመሆኑ ቅንጣት አልተጠራጠርኩም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓቱን ሙሉ ለአክስቴ የምስጋና ደብዳቤ ስጽፍ ቆይቼ መብራት ሄደ። ሲመጣ ገጹ ባዶ ነው። ሴቭ የሚል ነገር ብፈልግ ብፈልግ የለም። ያን ቀን አለቀስኩ።

ምክንያቱ የገባኝ ጌም መጠገን ከጀመርኩ በኋላ ነው። የኦሪጅናሉ ፋሚኮም ዋና ሜሞሪ 2 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ይቺ የምጽፍልህ መልስ እንኳ አትገባበትም። ስክሪኑ የሚሞላው 8 በ8 ነጥብ በሆኑ ትንንሽ ሥዕሎች ነው፤ የሚከፈተው መስኮት እነሱ ከካሴቱ ወጥተው ሲደረደሩ የምታየው ነው። ቀስቷም ጌም ላይ የሚሮጠው ሰውዬ የሚሠራበት ዓይነት ተንቀሳቃሽ ሥዕል ናት።

ግን እንዳትጥለው። ብዙዎቹ ውስጥ ቤዚክ የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ አለ፣ እሱ እውነተኛ ፕሮግራሚንግ ነው። «10 ፕሪንት» ብዬ ስሜን፣ ቀጥሎ «20 ጎቱ 10» (ወደ መስመር 10 ተመለስ ማለት ነው) ጽፌ ሳስነሳው ስሜ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች ሞላው። የዛሬ ሙያዬ የተጀመረው እዚያች ደቂቃ ላይ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደላቱ አቀማመጥም ከኮምፒውተር ኪቦርድ ጋር አንድ ስለሆነ ልጅህ ጣቱን ያፍታታበታል። ወርድና ኤክሴል ግን አትጠብቅ፣ ኢንተርኔትም የለውም።

ስትሰካው አዳፕተሩን አደራ። ከሥሩ የተጻፈውን ቮልትና የፕላስና ማይነሱን ምልክት አይተህ እንጂ ያገኘኸውን አትሰካ፤ የእኔን ያቃጠለው የሌላ ዕቃ አዳፕተር ነው። ሜኑው ላይ ቤዚክ የሚል ካገኘህ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍ፣ ለልጅህ የሚሆኑ የመጀመሪያ መስመሮችን እጽፍልሃለሁ።