«ደርሶኛል» ለማለት አትዘግዩ

ልጆቼ፣ ሥራ የጀመርኩት ደብዳቤ በጽሕፈት መኪና በሚመታበት ዘመን ነው። ደብዳቤ ሲመጣ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ሰጥቶ ገቢ ያደርገዋል፤ ያመጣው ሰውም በደብተሩ ላይ አስፈርሞ ይሄዳል። ፊርማዋ ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለችም። ላኪው ግን ወረቀቱ እጃችን መግባቱን አውቆ ያድራል። በኢሜይል ያጣናት ይህችን ፊርማ ነው።

ይህን የተማርኩት በጥፋቴ ነው። ከዓመታት በፊት አብሮኝ ይሠራ የነበረ ወጣት፣ ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል የድጋፍ ደብዳቤ እንድጽፍለት በኢሜይል ጠየቀኝ። ጎበዝ ልጅ ስለሆነ አሳምሬ ልጽፍለት ፈለግሁ፤ ሰፊ ጊዜ ያሻል ብዬም ለቅዳሜ አቆየሁት። ቅዳሜው ለሌላ ቅዳሜ አሳለፈኝ። አንድ ጊዜ አስታወሰኝ፤ አፍሬ ለዚያም ሳልመልስ ቀረሁ። ደብዳቤውን ስልክለት ማመልከቻ መቀበያው ከተዘጋ አራት ቀን ሆኖት ነበር። «ግድ የለም ጋሼ፣ ሥራ በዝቶብዎት ነው» ብሎ ወዲያው መለሰልኝ። «በዚህ ወር አይመቸኝም» ብዬ አንድ መስመር ብጽፍለት ኖሮ ሌላ ሰው ይጠይቅ ነበር።

ስለዚህ መልሱ ገና ባይሟላላችሁም በዚያው ቀን «ደርሶኛል፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እመልሳለሁ» በሉ። «በቅርቡ» የሚለውን ቃል ተዉት፤ ጠባቂውን ያንጠለጥለዋል። ከዘገያችሁም ሰበብ አትደርድሩ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቅርታ ጠይቁና ወደ ጉዳዩ ግቡ። እፍረት ሌላ መዘግየት ይወልዳል፤ እኔን ያጠፋኝ እሱ ነው።

ስለ ግልባጭም ልንገራችሁ። በኢሜይል «ሲሲ» (CC) የሚባለው «ካርቦን ኮፒ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ምህጻረ ቃል ነው፤ የካርቦን ግልባጭ ማለት ነው። በወረቀቶች መካከል ካርቦን አስገብተን ስንመታ የታችኛው ወረቀት ፊደሉ ስለሚደበዝዝ፣ ግልባጭ ለማን እንደሚገባ አስበን እንመርጥ ነበር። ዛሬ አንድ «አመሰግናለሁ» ለሃምሳ ሰው ይደርሳል። ምስጋናችሁን ለላከው ብቻ ላኩ። የባልደረባችሁን ስህተት ለማረም ደግሞ አለቃውን በግልባጭ አታስገቡ፤ ሰውን በአደባባይ መውቀስ ነው። መጀመሪያ ለብቻው ንገሩት።

ውጭ አገር ላለ ሰው ቀጠሮ ስትሰጡ «3 ሰዓት» ብቻ ብላችሁ አትተዉት። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት በእነሱ 9 ሰዓት ነው። የመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ቀጠሮ «1/1/2017» ተብሎ ሲጻፍም ፈረንጁ ከቀጠሮው ከሰባት ዓመት በላይ ቀድሞ ያለፈ ጃንዋሪ አድርጎ ያነበዋል።

ያ ልጅ በዓመቱ ደብዳቤውን እንደገና ጠየቀኝ። ኢሜይሉ የደረሰኝ ወደ ቤት ልሄድ ኮቴን ስለብስ ነበር። ኮቴን መልሼ ሰቅዬ ተቀመጥኩ፤ ጨርሼ ስልክለት መሽቶ ነበር።